ያዢልኝ

ጆሮዬን የበላው ፋብሪካ ነው። ይህን የምለው ለክስ አይደለም፤ ተከሳሹ ዛሬ የለም። ሰው ሲያናግረኝ አፉን አፉን የማየው ለምን እንደሆነ እንዲታወቅልኝ ብቻ ነው። አንዳንዱ "ይቺ አሮጊት ምን ታፈጥብኛለች" ይላል፤ እሱንም አያለሁ። አብነት ሰፈር ታክሲ ስጠብቅ ማዶ የቆመው ረዳት ስለ እኔ ለሾፌሩ የሚለው አያመልጠኝም። መስታወቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ ባልና ሚስት ሲጣሉ ማን እንደጀመረው እነግራችኋለሁ። ልጄ ዙሃራ "እማ፣ አንቺን ማማት እኮ አይቻልም" ትለኛለች። ይቻላል፤ ፊትን ማዞር ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ይህን ጥበብ የተማርኩት ከልደታ ቁልቁል፣ ወንዙ ዳር በነበረው የጨርቅ ፋብሪካ፣ ሽመና ክፍል ውስጥ ነው። ያስተማረችኝ ድንቅነሽ ናት።

አባቴ መርካቶ ጨርቅ ይነግድ ስለነበር ሰው በሰው ብሎ አስቀጠረኝ። "ኡሙልኸይር፣ አንገትሽን ደፍተሽ ሥሪ" አለኝ። ጥርት አድርጌ የሰማሁት የመጨረሻ ምክር እሱ ሳይሆን አይቀርም። በማግስቱ የሽመናው ክፍል በር ሲከፈት ድምፁ በጆሮዬ አልገባም፤ በጥርሴ ነው የገባው። መንጋጋዬ ተንቀጠቀጠ። በረድፍ በረድፍ የቆሙት ማሽኖች አቡጀዲ ይሸምናሉ፤ የጥጡ ብናኝ አየሩ ላይ ይንሳፈፋል፤ ሴቶቹ ፀጉራቸውም ቅንድባቸውም ነጭ ሆኖ ሁሉም አሮጊት ይመስላሉ። ካቦው አፉን እየከፈተ እየዘጋ የሆነ ነገር ነገረኝ። አንዲት ቃል አልሰማሁም። ማሽኑ አጠገብ ተገትሬ ማልቀስ ጀመርኩ፤ ለቅሶዬንም ራሴ አልሰማሁትም።

ያኔ ከጎኔ ያለችው ሴት ትከሻዬን ነካችኝ። ረጅም፣ ጠይም፣ ጥርሰ ፍንጭት ናት። ድምፅ ሳታወጣ በከንፈሯ ብቻ፣ ለሕፃን ልጅ እንደሚያጎርስ ሰው ቀስ ብላ ተናገረች። "አትስሚ፤ እዪ" አለችኝ። አየሁ። እነሆ እስከ ዛሬ እያየሁ ነው።

የእኛ ክፍል ቋንቋ የከንፈርና የእጅ ነበር። አውራ ጣትና ሌባ ጣትን አፋትጎ ብትን ማድረግ "ክር ተበጠሰ" ነው። ጢሙን እንደሚፈትል ሰው ከንፈር አጠገብ ጣትን ማዞር "ካቦ መጣ" ነው። የእኛ ካቦ፣ ካቦ ተሰማ፣ ጢም የሚባል ነገር አልነበረውም። ጢማሙ ከእሱ በፊት የነበረው ነው፤ ሰውዬው ሄደ፣ ጢሙ ቀረ። ካቦ ተሰማ በገባ ቁጥር ሴቶቹ ሁሉ አየር ላይ ጢም ሲፈትሉ ያይና ግራ ተጋብቶ የላይኛው ከንፈሩን ይዳስሳል። ስንት ጊዜ በሳቅ ክር አበላሽተናል መሰላችሁ።

ከሁሉም የሚበልጠው ምልክት ግን ሌላ ነው። ቀኝ እጅ ሁልጊዜ ክር ላይ ስለሆነ በግራ እጅ ቀኝ ትከሻን መያዝ። "ያዢልኝ" ማለት ነው። ሽንቴ መጣ፣ ራሴን አዞረኝ፣ ሰው በር ላይ ጠራኝ፤ ማሽኔን ያዢልኝ። የተጠየቀችዋ መዳፏን ደረቷ ላይ ታሳርፋለች። "ያዝኩ" ነው። ይህን መልስ ሳታይ ማንም ሴት ከማሽኗ ንቅንቅ አትልም። መልሱን የሰጠችው ደግሞ ያቺ እስክትመለስ ድረስ ጣራው ቢወርድ እንኳ ከቦታዋ አትነሣም። ድንቅነሽ ሕጉን በአንድ አረፍተ ነገር ነገረችኝ። "ካልያዝሽ አትበዪ፤ ካልሽ ያዢ።"

ማኅበር ማለት ምን እንደሆነ በኋላ በስብሰባ ብዙ ነግረውናል። እኔ ግን ቀድሜ የማውቀው በዚህ ነው።

ዘንድሮ ዙሃራ ስትወልድ ላርሳት ቡታጅራ ወረድኩ፤ ክረምቱም እዚያው ያዘኝ። ዙሃራ ነገሩን ሰምታ ኖሯል። "መንገድ ላይ አንድ ነገር ትሆኚብኛለሽ" ብላ ደብቃኝ፣ አዲስ አበባ ገብቼ ካረፍኩ በኋላ ነው በጎረቤት ያስነገረችኝ። ድንቅነሽን ስትሮክ መትቷታል። ቀኝ ጎኗ አይንቀሳቀስም። አንደበቷም ተይዟል።

ያን ዕለት ከአብነት ልደታ ኮንዶሚኒየም ድረስ በእግሬ ሄድኩ፤ ታክሲ መጠበቅ አልቻልኩም። ሰፈራችን ሲፈርስ ለእሷ ዕጣ የወጣላት ሦስተኛ ፎቅ ነው። ደረጃውን ስወጣ ጉልበቴን እየረገምኩ፣ እሷንም እየረገምኩ ነበር። "አንቺ ሴትዮ፣ ዞር ስልልሽ ነው እንዲህ የምትሆኚው" ልላት አስቤ ነበር።

በሩን የከፈተልኝ ልጇ ፍሬምናጦስ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ራሱ ተመልጧል፣ ቦርጭም አውጥቷል። ለእኔ ሲናገር ፊቱን ወደ እኔ አድርጎ ከንፈሩን ገለጥ ያደርጋል። እናቱ በልጅነቱ አስተምራዋለች።

"እትዬ ኡሙ፣ እንኳን መጡ፤ ይግቡ" አለኝ።

ቤቱ ቅባት ቅባት ይሸታል። ድንቅነሽ መስኮቱ ሥር ተኝታለች። ያ ረጅም ቁመቷ ብርድ ልብሱ ውስጥ አጥሮ፣ ፊቷ ወደ አንድ ወገን ዘንበል ብሏል። ስታየኝ ዓይኗ በራ። ከዚያ ግራ እጇ ከብርድ ልብሱ ሥር ወጣችና ቀስ እያለች ቀኝ ትከሻዋን ያዘች።

"ይኸው፣ እንደዚህ ነው" አለ ፍሬምናጦስ። "ከሆስፒታል ከወጣች ጀምሮ ትከሻዋን ነው። ራጅ አስነሣናት፤ ምንም የለም አሉን። መታሸቱም ቅባቱም አላሻላትም። እስኪ እርስዎ ያሹላት፤ የእርስዎ እጅ ምናልባት..."

ቅባቱን ይዞ ወደ አልጋው ሲሄድ ሳቅሁ። ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። ከዚያ ያው ሳቅ መሐል ላይ ለቅሶ ሆነ፤ ግድግዳውን ያዝኩ።

"ፍሬ፣ ቅባቱን አስቀምጠው" አልኩት። "ትከሻዋን አላመማትም። ሥራ ላይ ናት።"

ደንግጦ አየኝ፤ ያበድኩ መስሎት ይሆናል። ስለ ምልክቱ ነገርኩት። እናቱ እያየችን፣ በግማሽ ከንፈሯ ፈገግ ብላ እጇን ከትከሻዋ ሳታወርድ ታዳምጣለች።

"ምኑን ነው ያዢልኝ የምትልዎት?" አለኝ።

ድንቅነሽ ዓይኗን ከእኔ ላይ አነሣችና ወደ ቤቱ ጥግ ወሰደችው። እዚያ ፍራሽ ላይ አንድ ሕፃን ተኝቷል። የፍሬምናጦስ ሴት ልጅ፣ የሶሲ፣ ልጅ ነው፤ የአብስራ ይባላል። ዓይኗን መልሳ እኔ ላይ አሳረፈችው።

"እንጃ" አልኩት ፍሬምናጦስን። መዳፌን አላነሣሁም።

ለምን እንዳላነሣሁ እንዲገባችሁ፣ ፍሬምናጦስ ራሱ ሕፃን የነበረበትን ዘመን ልንገራችሁ።

ንጉሡ ሊወርዱ ጥቂት ወራት ሲቀራቸው ነው። ያን ሰሞን ባለታክሲው ያድማል፣ አስተማሪው ያድማል፤ አገሩ እንደተጣደ ድስት ይንተከተካል። እኛ ጋ ማኅበር ለማቋቋም ተሞክሮ ነበር፤ የፈረሙት እየተለቀሙ ሲባረሩ ሌላው ዝም አለ። ድንቅነሽ ደግሞ ፍሬምናጦስን ወልዳ ከአራስ ቤት እንደወጣች ወደ ማሽኗ ተመለሰች። ካልተመለሰች ቦታዋ ለሌላ ይሰጣላ! እናቷ ልጁን አዝላ እስከ ፋብሪካው በር ታመጣላታለች። ሰዓቱ ሲደርስ ድንቅነሽ ትከሻዋን ትይዛለች፤ እኔ መዳፌን ደረቴ ላይ አደርጋለሁ፤ እሷ ሮጣ ወጥታ ዘበኛው የሚቀመጥበት ዛፍ ሥር አጥብታ ትመለሳለች። ሁለት ማሽን መሐል እንደ ዝንጀሮ ስዘል ማየት ነበር።

ካቦ ተሰማ ደረሰበት። አንድ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ሰበሰበንና "ከዛሬ ጀምሮ የሌላ ሰው ማሽን የያዘች ትባረራለች" አለ። የተናገረው ጸጥታ ውስጥ ስለነበር ሁላችንም ሰማነው።

ሰዓቱ ደረሰ። የድንቅነሽ ሸሚዝ ደረቷ ላይ ሁለት ቦታ ረጠበ። ጡት የልጁን ሰዓት ያውቃል፤ ካቦ አይጠይቅም። ቆማ ቆማ ግራ እጇን አነሣችና ትከሻዋን ያዘች። ካቦ ተሰማ ደረቱ ላይ እጁን አጣምሮ በእሷና በእኔ መሐል ቆመ። ወላሂ መዳፌን ካነሣሁ ነገ ሥራ የለኝም፤ አባቴ ታሟል፤ ካላነሣሁ ደግሞ እሷን እንዴት ብዬ ነው የማያት?

እኔ ሳመነታ ከኋላዬ ያለችዋ ሴት ግራ እጇን አንሥታ የራሷን ትከሻ ያዘች። የምታየው ግን እኔን አይደለም፤ ካቦ ተሰማን ነው። ከእሷ ቀጥላ ሌላዋ ያዘች። ከዚያ ረድፉ በሙሉ፣ ከዚያ ማዶ ያለው ረድፍ። እኔም ያዝኩ። ክፍሉ ሞልተን ሁላችንም እጃችንን ትከሻችን ላይ አድርገን እሱን እያየን ቆምን። እኛ እንዳንያያዝ ከከለከልከን እንግዲህ አንተ ያዝልን ነው ነገሩ። ካቦ ተሰማ ወዲያ አየ፣ ወዲህ አየ፤ እጁ ሳይታወቀው የሌለ ጢሙን ፈለገ።

ድንቅነሽ ማሽኗን አቆመች። ሕጉ ነዋ፤ መልስ ካላየሽ አትሄጂም፣ የሚይዝ ከጠፋ ደግሞ ማሽን ይቁም። እኔ የእኔን አቆምኩ። አንድ በአንድ፣ አንድ በአንድ ሁሉም ቆመ። እዚያ ክፍል ውስጥ ሥራ ላይ ሆኜ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ጆሮዬ ጭው አለ። ከዚያ ጸጥታ ውስጥ፣ ከሩቅ፣ ከበሩ በኩል፣ የሕፃን ልቅሶ መጣ። ፍሬምናጦስ ነው። ክፍሉ በሙሉ ሰማው። ያን ድምፅ ዛሬም፣ ሌላው ሁሉ ከጆሮዬ ጠፍቶ ሳለ፣ እሰማዋለሁ።

ወጥተን ሣሩ ላይ ተቀመጥን። የአብነት ሰው ከየቤቱ ወጣ፤ ድምፁን ለምዶ ኖሮ ድንገት ቢጠፋበት የሆነ አደጋ መስሎት ነው። አንዱ ዳቦ አመጣ፣ ሌላው ውኃ አመጣ። የድንቅነሽ ሁዳዴ ነበር፤ እኔ ቆሎ አምጥቼ ሁለታችን ከአንድ ነጠላ ላይ ስንቆረጥም ትዝ ይለኛል። ሥራ ፈት ሆነን፣ የነገ እንጀራችንን ሳናውቅ፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በሦስተኛው ቀን ፖሊስ መጣ። ድንቅነሽንና ሌሎች ጥቂት ሴቶችን ወደ ላንድሮቨሩ ሲገፏቸው ልጁ ክንዴ ላይ ነበር። ድንቅነሽ መወጣጫው ላይ አንድ እግሯን አድርጋ ዞረችና ትከሻዋን ያዘች። ፖሊሱ ገፋት፤ አልሄደችም። ሌላው ጨምሮ ገፋት፤ አልሄደችም። መዳፌን ደረቴ ላይ አሳረፍኩ። ያኔ በገዛ እግሯ ገባች።

እኔ እንግዲህ ያላገባሁ ኮረዳ ነኝ፤ ጡት ከየት አባቴ አመጣለሁ? እናቷ ስንቅ ይዛ ከጣቢያ ጣቢያ ስትንከራተት፣ እኔ ፍሬምናጦስን በአንቀልባ አዝዬ ከአንዷ የአብነት አራስ ወደ ሌላዋ ስዞር ሰነበትኩ። ክርስቲያኗም እስላሟም አጠባችው። ዛሬ አብነት ውስጥ የጡት ወንድሞቹን ቆጥሮ አይጨርስም። ድንቅነሽ ተፈትታ ስትመጣ ከጀርባዬ አውርዳ ታቀፈችው። አለቀሰች ብላችሁ ነው? መዘን መዘን አደረገችውና በከንፈሯ "ከበደ!" አለችኝ። ሁለታችንም በሳቅ ሞትን።

ማኅበራችን ከዚያ በኋላ ተመዘገበ። እናቶች የማጥቢያ ሰዓት አገኙ፤ በሩ አጠገብ የነበረችው ዕቃ ቤት ሰማያዊ ቀለም ተቀብታ፣ ሰሌን ተነጥፎባት የሕፃናት ማቆያ ሆነች። እኛ "የፍሬምናጦስ ቤት" ነበር የምንላት። ዙሃራም አድጋባታለች። ከዚያ ወዲያ የመጣው ብዙ ነው። ደርግ መጣና ማኅበሩ መፈክር አበዛ፤ ከላይ በተላከ ሊቀመንበር ፊት ተኮልኩለን አጨበጨብን፤ አንዳንዱ ወንድማችን ወጥቶ ቀረ። ከዚያ ፋብሪካው ተሸጠ፣ ከዚያ ተዘጋ፣ ማሽኖቹም ለቁራጭ ብረት ሄዱ። ዛሬ ቦታው ላይ ያለው የመስታወት ሕንፃ ነው። ከድንቅነሽ መስኮት ይታያል። ሁለታችን መስኮቱ ላይ ተቀምጠን "ይሄኔ እኮ ጡሩምባ ተነፍቶ ምሳ ወጥተናል" ስንባባል ስንት ከሰዓት አሳለፍን። ናፍቆኛል፤ ድካሙ እንኳ፣ ብናኙ እንኳ። ያ ሁሉ ሴት አንድ ላይ ሲቆም ናፍቆኛል።

እንግዲህ አሁን ገባችሁ። ያቺ ሴት ትከሻዋን ስትይዝ መሄዷ ነው። መልሱን ስታይ ደግሞ ትሄዳለች። የዚያን ጊዜ ሄዳ ተመለሰች። አሁን ግን የት ልትሄድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከዚያ የተመለሰ የለም። መዳፌን ካላነሣሁ አትሄድም። ስለዚህ አላነሣም። በዕድሜዬ ሙሉ ስታስደርገኝ ኖራለች፤ ይህን አላደርግም አልኩ።

ማታ ሶሲ ከሥራ መጣች። ሜክሲኮ አካባቢ ትልቅ ሱፐርማርኬት ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ናት። ጫማዋን አውልቃ እግሯን አሸች፤ ከጠዋት እስከ ማታ ቆመው ነው የሚሠሩት፤ ደንበኛ ፊት መቀመጥ ክልክል ነው። እናቷን በልጅነቷ ስላጣች ያሳደገቻት ድንቅነሽ ናት። ባሏ የጅቡቲ መንገድ ሾፌር ነው፤ ሲመጣ እንግዳ፣ ሲሄድ ትዝታ። የአብስራንም ሲይዝላት የነበረው ያው የድንቅነሽ እጅ ነው።

ልጁን ታቅፋ አጠገቤ ተቀመጠች። ጡቷን መጸዳጃ ቤት ውስጥ እያለበች እንደምትደፋው ነገረችኝ። ይህን ስትለኝ ሁለቱ የረጠቡ ቦታዎች ትዝ አሉኝ፤ ዘመኑ የት እንደሄደ ግራ ገባኝ።

"የሥራ ቦታ ልጆቹ ማኅበር እናቋቁም ብለው ተስማምተዋል" አለች። "እሁድ የምሥረታ ጉባኤ አለን። እኔን ነው ለሊቀመንበርነት የሚሉት። ግን ልቀር ነው፣ እማማ ኡሙ። ሰኞ መልቀቂያ አስገባለሁ።"

"ምነው? ምን ሆነሽ?"

"አባዬ ፈቃዱን ጨረሰ። እምዬ እንደዚህ ሆነች። ልጁ ደግሞ አለ። ማን ይዞልኝ?"

ቃሉን ስትለው ከንፈሯ ላይ አየሁት። ቀና ስል ድንቅነሽ እያየችኝ ነው፤ እጇ ትከሻዋ ላይ ናት። በዕድሜዬ ሳልወድ ያነበብኩት ቃል ያ ብቻ ነው። ፊቴን አዞርኩ።

ቅዳሜ ሁለታችንን ብቻችንን ትተውን ወጡ። እጇ ይደክማታል፣ ትወድቃለች፤ ትንሽ አርፋ ደግሞ ትነሣለች።

"አልይዝም!" አልኳት ጮክ ብዬ። ድምፄ ለራሴ ስለማይሰማኝ ምን ያህል እንደጮህኩ እንጃ፤ ጎረቤቷ በር ላይ መጥታ አየችን። "አልይዝም አልኩሽ! የሰው ልጅ እየያዝኩ ልሙት እንዴ? እኔንስ ማን ይይዘኛል? ይህን መስኮት ብቻዬን ቁጭ ብዬ ላየው ነው? ያን ሁሉ ነገር ለማን ነው የማወራው? 'ጢም' ብል ከእንግዲህ ማን ነው የሚስቅልኝ?"

ድንቅነሽ ሰማችኝ። ከዓይኗ ዳር እንባ ወረደ። ከዚያ ያቺ የምትሠራው እጇ ከትከሻዋ ወረደችና ወደ ከንፈሯ ሄደች፤ ጣቷን አጠማዘዘች። ጢም ፈተለች። ካቦ መጣ! እየሳቅሁ አልጋዋ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ቀና ስል ግን እጇ ትከሻዋ ላይ ተመልሳ ነበር። ግትር!

እሁድ ጠዋት ስመጣ የልደታ ምእመን ነጠላውን ለብሶ ከቤተ ክርስቲያን ይመለሳል። ሶሲ የቤት ልብሷን እንደለበሰች ልጁን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ልጁ አፉን ከፍቶ ፊቱ ቀልቷል፤ እያለቀሰ ነው። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ይበራል፣ ይጠፋል፤ ልታነሣው ብላ ታየውና ትተወዋለች። ፍሬምናጦስ የእናቱን እግር ይዞ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ሌሊቱን ጥሩ አላደረችም።

ድንቅነሽ አየችኝ። እጇ ተነሣች። መሐል መንገድ ላይ፣ ክርኗን አጥፋ ሳትጨርስ፣ አየር ላይ ቆመች። ወደ ትከሻዋ መድረስ አቃታት። ዓይኗ ለመነኝ። ድንቅነሽ ፖሊስን ለምና አታውቅም፣ ካቦን ለምና አታውቅም። እኔን ለመነችኝ።

በቃ አለቀ። ልቤ ተሸነፈ።

"ወዲህ ስጪው" አልኩ ሶሲን። "አንቀልባው የት አለ?"

"እማማ ኡሙ፣ ወገብዎት..."

"ወገቤን ተይው፤ አባትሽም በዚሁ ጀርባ ነው ያደገው። ሂጂና ልበሺ። ሰው ይጠብቅሻል።"

ልጁን አዘልኩት። ሙቀቱ ጀርባዬ ላይ ሲያርፍ ልቅሶው መንቀጥቀጥ ሆኖ ተሰማኝ፤ በጆሮዬ ባይሆንም በአከርካሪዬ ሰማሁት። ጥቂት ወዘወዝኩት፤ ተወ። ከዚያ አልጋው ፊት ሄጄ ቆምኩና መዳፌን ደረቴ ላይ አሳረፍኩ።

ያዝኩ።

የድንቅነሽ እጅ ወረደች። ብርድ ልብሱ ላይ ዘርጋ አለች፣ ጣቶቿም ተፈቱ። ሶሲ ለብሳ ወጥታ፣ አያቷን ግንባሯ ላይ ስማ፣ በሩ ጋ ዞር ብላ አየችን። እኔ መዳፌን ገና አላወረድኩም ነበር።

"እሱ ምንድን ነው?" አለችኝ።

"'ያዝኩ' ማለት ነው፤ ለምትሄድ ሴት የሚሰጥ መልስ። አያትሽ ስትጠይቀኝ የከረመችው ይህን ነው። እስክትመለሺ ከዚህ አልነሣም" አልኳት። ጥርሷ ላይ ያ የድንቅነሽ ፍንጭት ታየኝ። ደረጃውን እየሮጠች ወረደች።

ድንቅነሽ በመስኮቱ በኩል እስክትጠፋ ድረስ በዓይኗ ተከተለቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። የሚሠራው ግማሽ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ፍሬምናጦስ "ምን አለች?" ብሎ ወደ እኔ አየ። ድምፅ አልወጣትም ማለት ነው። ለእኔ ግን ድምፅ ምን ያደርግልኛል? አነበብኩት። "ከበደ?" ነው ያለችኝ።

"እንደ አያቱ" አልኳት።

በግማሽ ፊቷ ሳቀችና ዓይኗን ከደነች። ፍሬምናጦስ እግሯን፣ እኔ እጇን ይዘን ነበር። የከተማው ባቡር በሥር ሲያልፍ የቤቱ መንቀጥቀጥ በእግሬ ተሰማኝ፤ መዳፌ ውስጥ ያለው የእጇ ትርታ ግን ቆሞ ነበር። ፍሬምናጦስ አፉን ከፍቶ ሲጮህ አየሁ። እኔ አልጮህኩም። ልጁ ጀርባዬ ላይ ተኝቷል፤ ይነቃብኛል። ነጠላዋን ፊቷ ላይ አለበስኳትና መስኮቱ ጋ ሄጄ ቆምኩ። እንባዬ እየወረደ ልጁን እወዘውዘዋለሁ። ኢንናሊላሂ አልኩ፣ ለእሷም ለራሴም።

ሶሲ ወደ ግቢው ስትገባ ቀኑ ገፍቶ ነበር። እየሮጠች ነው። ከታች መስኮቱ ሥር ቆማ ቀና አለችና እጇን አወዛወዘች። ምን ያህል እንደጮኸች አላውቅም፤ ከሦስተኛ ፎቅ ላይ ከንፈሯን ጥርት አድርጌ አነበብኩት። "ተመሠረተ፣ እማማ ኡሙ! መረጡኝ! እምዬ ነቅታለች? ይንገሯት!"

ምን ብዬ ልጩህ? መዳፌን ደረቴ ላይ አሳረፍኩ።

ሶሲ ጠዋት ያልኳትን አልረሳችም፤ መልሱ ለምትሄድ ሴት ነው። የተነሣው እጇ አየር ላይ ቀረ፤ ከታች ሆኖ አልጋው እንደማይታይ እያወቀች ከኋላዬ አሻግራ ልታይ ሞከረች። ከዚያ ደረጃው ሥር ቁጭ አለችና ፊቷን በጉልበቷ መሐል ደበቀች። ወርጄ ላቅፋት ፈለግሁ። ግን ብያለሁ፤ እስክትመለስ አልነሣም ብያለሁ። ልጇን ይዤ ቆሜ ጠበቅኋት።